ቬትናም ማን አላችሁ?

የእኛ ሰው ዘመድ ወደሌለበት አገር መሄድን ከእብደት ይቆጥረዋል። ለሠርግ ይሄዳል፣ ለለቅሶ ይሄዳል፣ እህቱ ስትወልድ ይሄዳል፣ ለክርስትና ይሄዳል። ሄዶም ሳሎን ይቀመጣል፤ ሜልበርን ጥሎት የሄደውን ሐሜት እዚያም ያገኘውና እሱኑ እንደ አዲስ ሰምቶ ይመለሳል። አገሩን አየህ ወይ ቢሉት ያየው የአክስቱን ሶፋ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዞ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። «ባህር ለማየት እሄዳለሁ» ያለ ሰው ግን ወዮለት! «ማን አለህ?» ይባላል። ማንም የለኝም ካለ ጉዳዩ ወደ ሽማግሌ ያመራል።

እኔ እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ኋላ ቀርነት ራሴን ነጥዬ የማይ ሰው ነበርኩ። ሥራዬ በአንድ መጋዘን ውስጥ የጭነት መኪኖችን ጉዞ ማቀድ ነው፤ የትኛው መኪና በየት ዞሮ መቼ እንደሚደርስ የምወስነው እኔ ነኝ። ስለዚህ እቅድ የሚባል ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰፈራችን ካርልተን ውስጥ የለም ብዬ አምን ነበር። ይህን ለእንግዳ በተናገርኩ ቁጥር ባለቤቴ ሮማን ብድግ ብላ ማድቤት ትገባለች። ምን ልትሠራ እንደምትገባ ጠይቄያት አላውቅም።

ሮማን ኤጅድ ኬር፣ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ሰው ስታጥብ፣ ስታለብስና ስታጎርስ ትውላለች። አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ «ዋና ልማር ነው» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ባለቤቴ ባደገችበት ከተማ ጥልቅ የሚባለው ውሃ በርሜል ውስጥ ያለው ነው፤ አርባ አምስት ዓመት ሞልቷት ደግሞ ዓሣ ልሁን አለች። ማክሰኞ ማክሰኞ የሴቶች ሰዓት ወዳለው የሕዝብ መዋኛ መሄድ ጀመረች። ፊቷን ውሃ ውስጥ መንከር ለመድፈር ብቻ ብዙ ሳምንት ፈጀባት። ቆይታ ተንሳፈፈች። ከዚያ አንድ ማክሰኞ በሩን በርግዳ ገብታ «ከዳር እስከ ዳር! ሳልቆም!» አለችኝ። እንዲህ ያለ ፊት በሠርጋችን ቀን እንኳ አላየሁባትም። ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ከዚያ የመጣው የባህር ነገር ነው። ሜልበርን ባህር ሞልቶታል ትሉ ይሆናል። ባህሩስ ሞልቶታል፤ ግን ሐበሻም ሞልቶታል። «ሴንት ኪልዳ ባህር ብገባ እኮ፣ እኔ ከውሃው ሳልወጣ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል» አለችኝ ሮማን። እውነቷን ነው። የእኛ ሰው የጠፋ ልጅ ፈልግ ቢሉት አያገኝም፤ የዋና ልብስ የለበሰች የሰው ሚስት ግን ከትራም ላይ ሆኖ ይለያል።

ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ቬትናማዊቷ ላን ናት መፍትሔውን ያመጣችው። ዳ ናንግ የሚባል ከተማ አለ፤ አሸዋው እስከ ዓይን ጥግ የተዘረጋ ነው፤ ውሃው ይሞቃል፤ አጠገቡ ማታ ማታ ፋኖስ የሚሰቀልበት ሆይ አን የተባለ አሮጌ ከተማ፣ ዋሻ ያላቸው የእምነ በረድ ኮረብታዎችና ጦጣ የሚንጎማለልበት ተራራ አለ ብላ ስልኳን ከፍታ ፎቶ አሳየቻት። ሮማን ፎቶውን ደጋግማ አየችው። ከዚያ እኔን ማድቤት ጠርታ በሩን ዘጋች።

«እዚያ እኔን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም» አለችኝ። «አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ማንም ሳያየኝ እውነተኛ ባህር ውስጥ መዋኘት እፈልጋለሁ። ሌላ ነገር አልጠይቅህም። ጁን መጨረሻ ፈቃድ ተሰጥቶኛል። አንተ አቅድ። ለማንም እንዳትናገር።»

አቅድ፣ አትናገር። ሕፃን ልጅ የማይስታቸው ሁለት ነገሮች ናቸው።

ማቀዱን በሙሉ ልቤ ጀመርኩ። ሆቴል ላጥና ብዬ ሰዎች በኢንተርኔት የጻፉትን አስተያየት ከፈትኩ። አምላኬ! ይህ ዓለም ምን ያህል ሥራ ፈት እንደተሸከመ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አንዱ «ገነት ነው» ይላል። ቀጣዩ በዚያው ሆቴል፣ በዚያው ሳምንት አርፎ «ትራሱ ለስላሳ ስለነበር ዕድሜዬ አጠረ» ይላል። አንዷ ፀሐዩ ፀሐያማ ነው ብላ አማርራለች። አንዱ ደግሞ ከአምስት ኮከብ አንድ ሰጥቶ «ባህሩ ጨው ይበዛበታል» ብሏል። ባህሩን ለወጥ ነው እንዴ የፈለገው? ይህን ሁሉ ጅል እየናቅሁ፣ እየሰደብኩ፣ አንዱንም ሳልዘል አነበብኩ። ሮማን በየሳምንቱ «ቡክ አደረግህ?» ትለኛለች። «እያጠናሁ ነው» እላታለሁ። ካርታው፣ የአየሩ ጠባይ፣ ከሆቴሉ እስከ ውሃው ያለው ርቀት፣ ሁሉም ስልኬ ውስጥ ገባ። ከቲኬቱ በስተቀር ያልተዘጋጀ ነገር አልነበረም።

አለመናገሩን ግን በአንድ ቅዳሜ ጠዋት አበላሸሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው፣ ቲኬት ሳልቆርጥ የፖስታ ሳጥናችንን የሚጠብቅ ሰው ማዘጋጀት አማረኝ። ሊፍት በር ላይ ጋሼ ወርቁን አገኘኋቸው። ጋሼ ወርቁ ከሥራ ጡረታ ወጥተዋል፤ ከሊቀ መንበርነት ግን ጡረታ የለም። እድሩንም፣ ማኅበሩንም፣ የሕንፃችንን ሐበሾችም የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ጁን መጨረሻ ላይ ለጥቂት ቀን አንኖርም። የፖስታ ሳጥናችንን ያዩልኛል?»

«ምን ገዶኝ! አገር ቤት ልትገቡ ነው?»

«አይ፣ ቬትናም ነው።»

«ቬትናም ማን አላችሁ?»

«ኧረ ማንም የለንም።»

የሊፍቱ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ጋሼ ወርቁ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉና «አይዞህ ልጄ፤ እሱ ያውቃል» ብለውኝ በደረጃ ወረዱ። እኔም ሽማግሌ ሲያረጅ እንዲህ ነው ብዬ ንቄ አለፍኩ።

ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስገባ በራችን ላይ ጫማ ተደርድሯል። ሳሎኑ ሰው ሞልቶታል፤ የሚናገር ግን የለም። ለካ ቁልፍ ለጋሼ ወርቁ የሰጠኋቸው እኔው ነኝ፤ የፖስታውን ስሰጣቸው የቤቱንም አብሬ ሰጥቻለሁ። ጋሼ ወርቁ መሐል ተቀምጠዋል። እትዬ አስካለ፣ በሕንፃው ውስጥ ካሉት ሴቶች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ አንድ ከረጢት ብርቱካን ታቅፈው ጥግ ይዘዋል። ኢንጂነር ታደሰ ከከተማው ዳር፣ ከፖይንት ኩክ ድረስ መጥቷል። ይህ ሰው ምን ኢንጂነር እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የማያውቀው ነገር እንደሌለ ግን ራሱ ነግሮናል።

«ማን ነው የታመመው?» አልኩ ደንግጬ።

እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው ዘመድ ወደሌለበት አገር የሚሄደው ምን ሲሆን ነው? ሐኪም ተስፋ ሲቆርጥ ነው! የቬትናም ሥራ ሥር ሊሞከር ነው! በሽተኛ ደግሞ በሽታው አይነገረውም፤ ስለዚህ ሁሉም ዝም ብሎ ብርቱካን ይዞ ይቀመጣል። የቀረው ማን ነው የታመመው የሚለው ብቻ ነበር፤ እሱንም አስቀድመው በሮማን ላይ ወስነዋል።

ሮማን በዚህ ሰዓት ከመዋኛ ገባች። ፀጉሯ እርጥብ ነው። ዓይኗ በክሎሪን ቀልቷል።

«ስታለቅሺ ነው የዋልሽው ልጄ?» ብለው እትዬ አስካለ ብርቱካኑን ለቀቁት። ብርቱካኑ በየሶፋው ሥር ተንከባለለ።

«ጠበል ተጠምቃ መምጣቷ ነው» አሉ ጋሼ ወርቁ በለሆሳስ። «ማክሰኞ ማክሰኞ ፀጉሯ እርጥብ መሆኑን እኔ ቀድሜ አይቻለሁ። ለሰው አልተናገርኩም እንጂ።»

ሮማን እኔን አየችኝ። እኔ ብርቱካን ለመልቀም ጎንበስ አልኩ።

እንግዲህ አዋቂ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብሎ ሻይ ያቀርባል፤ ነገሩም ያልቃል። እኔ ግን ተነስቼ ቆምኩና አስተማርኳቸው። የሠለጠነ ሰው ለመዝናናት እንደሚጓዝ፣ ዘመድ መቁጠር ያለፈበት ነገር እንደሆነ፣ የዳ ናንግ አሸዋ እንዴት እንደሚያበራ፣ ሆይ አን ውስጥ ፋኖሱ ወንዙ ላይ ሲንሳፈፍ ምን እንደሚመስል፣ ቅዳሜና እሁድ እሳት የሚተፋ የዘንዶ ቅርጽ ያለው ድልድይ እንዳለ፣ ፎቶ እያሳየሁ፣ እጄን እያወናጨፍኩ አስረዳኋቸው። ሮማን ከበሩ ላይ በእጇ ምልክት ትሰጠኛለች፤ እኔ እቴ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስጨርስ ላብ አጥምቆኝ ነበር።

«እንዲህ ካለማ» አሉ ጋሼ ወርቁ ባርኔጣቸውን መልሰው እየደፉ፣ «ለምን ሁላችንም አንሄድም?»

እዚያው ቁጭ ባልንበት ኮሚቴ ተቋቋመ። የእኛ ሰው ሦስት ሆኖ እሳት ቢሞቅ እንኳ አንዱ ሊቀ መንበር ነው። ሊቀ መንበሩ ጋሼ ወርቁ ሆኑ። እትዬ አስካለ «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ተዉኝ» እያሉ በምግብ ዘርፍ ላይ ተሾሙ። ኢንጂነር ታደሰ የባህር ደኅንነት ኃላፊ ሆነ፤ መዋኘት ትችላለህ ወይ ሲባል «መርሁን አውቀዋለሁ» አለ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» አሉ ሊቀ መንበሩ ሲዘጉ። የተሸከምነውን ሎሚ እንድታካፍሉን መቼ ጠየቅናችሁ ልላቸው አፌን ስከፍት «አንተ ደግሞ ዋና አማካሪያችን ነህ» አሉኝ። ዋና አማካሪ! መልሼ ዘጋሁት። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ሮማን ብርቱካን እየላጠች «ቡክ አደረግህ?» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ በስብሰባ ሆነ። መጀመሪያ ጁን መጨረሻ የሐዋርያት ጾም ነው ተባለ፤ ስለዚህ እዚያ ባህር ዳር ምን ይበላል? ኢንጂነር ታደሰ ሽሪምፕ አለ አለ። ሽሪምፕ ዓሣ ነው ወይስ ምንድን ነው በሚለው ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት አለቀ።

«ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብላ ተብሏል» አሉ ጋሼ ወርቁ።

«እኔ እግር ያለው ዓሣ አላየሁም» አሉ እትዬ አስካለ። «ይልቅስ ድርቆሽ ይዘን እንሂድ።»

የድርቆሹ ጆንያ ከእያንዳንዱ ሻንጣ ስንት ቦታ እንደሚይዝ እንዳጠና ታዘዝኩ። አጠናሁ። ቀጥሎ ጉዞው ጾሙ ከተፈታ በኋላ ይሁን ተብሎ ተወሰነ። የሮማን ፈቃድ ጾሙ ሳይፈታ ያልቃል። ይህን መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ሊቀ መንበሩ «አማካሪያችን ይስማማል?» ብለው በስሜ ሳይሆን በማዕረጌ ሲጠሩኝ ራሴን ነቀነቅሁ። በመጨረሻም የባህር ደኅንነት ዘርፍ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ፤ ማንም የጉዞው አባል ከቁርጭምጭሚት በላይ ባህር ውስጥ እንዳይገባ፣ ሴቶችም ከነቀሚሳቸው እንዲሆኑ።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አሉ ጋሼ ወርቁ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ሮማን ያን ዕለት ሥራ ላይ ነበረች። ማታ ስነግራት ሳህን እያጠበች ነበር፤ አንዱን ሳህን ሦስት ጊዜ አጠበችው።

እንዲህ ያለ ታላቅ ጉዞ ደግሞ ያለ ልምምድ አይሆንም ተባለ። ስለዚህ ሁዳዴ ሳይገባ በአንድ ቅዳሜ ዊሊያምስታውን ባህር ዳር ወጣን። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ፈረንጁ ልጁን ይዞ ውሃው ውስጥ ይንቦጫረቃል፤ እኛ ምንጣፍ አንጥፈን፣ ጃንጥላ ዘርግተን፣ ጀርባችንን ለባህሩ ሰጥተን ምሳ በላን። ኢንጂነር ታደሰ ፊሽካ ገዝቶ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ከዚያ አባላቱ ተራ በተራ ሱሪያቸውን እየሰበሰቡ እስከ ቁርጭምጭሚት ገብተው እንዲወጡ ተደረገ። ካልጠገቡ አይዘሉ ይባላል፤ እኛ ግን ጠግበንም አልዘለልን።

ሮማን ሰፊ ቀሚስ ለብሳ አጠገቤ ተቀምጣለች። እትዬ አስካለ ከእሷ ወዲያ ብርቱካን ይልጣሉ። ሮማን ባህሩን እያየች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ ሳታሳድግ እንዲህ አለችኝ፦

«ትናንት ቲኬቴን ቆረጥኩ። ጁን መጨረሻ። ከጎኔ ያለውን ወንበር አስይዤዋለሁ፤ አየር መንገዱ የሚጠብቀኝ እስከ ዛሬ ማታ ነው። ትሄዳለህ?»

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ?

«ኮሚቴውስ?»

ቃል እንደ ጉርሻ መልሶ ቢዋጥ ያችን ቃል እውጣት ነበር። ሮማን ብድግ አለች፣ ቀሚሷን በራሷ በኩል አወለቀችና አጥፋ እግሬ ላይ አስቀመጠችው። ከሥሩ ማክሰኞ ማክሰኞ የምትለብሰው ጥቁር ሰማያዊ የመዋኛ ልብሷ ነበር፣ ከአንገት እስከ ጉልበት። በምንጣፉ ላይ ማኘክ ቆመ። ቀጥ ብላ ሄደች። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ራሷን ለውሃው ሰጠችና ክንዷን እያፈራረቀች መቅዘፍ ጀመረች።

ኢንጂነር ታደሰ ፊሽካውን ነፋ። ፈረንጆቹ ሁሉ ዞሩ፤ ሮማን ብቻ አልዞረችም። ጋሼ ወርቁ ባርኔጣቸውን እያውለበለቡ እስከ ውሃው ዳር ሮጡ።

«ኧረ ተመለሺ! አንቺ ልጅ! እዚያ ማን አለሽ?»

ሮማን በጀርባዋ ተንጋለለች። ሆዷ ወደ ሰማይ፣ እጇ ተዘርግቶ፣ ሳቋ እኛ ድረስ ይሰማል።

«ማንም የለኝም!» አለች።

እኔ በዚህ ጊዜ ተነስቼ ሱሪዬን ሰብስቤ ውሃው ውስጥ ቆሜያለሁ። የት ድረስ? እስከ ቁርጭምጭሚቴ። የእኛን ሰው ንቄ የከረምኩት ሰውዬ፣ ከስብሰባው ሁሉ ውሳኔውን አክብሬ የተገኘሁ እኔ ነበርኩ። ከፊቴ ያለውን ውሃ አጠናለሁ። ጥልቀቱን፣ ማዕበሉን፣ ሙቀቱን።

«ዞር በል እስቲ ልጄ» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ። እትዬ አስካለ ናቸው። ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ በአጠገቤ አልፈው ገቡ። «ማን አላት ይባላል እንዴ? እኔ እያለሁላት!»

«እትዬ ይውጡ! ውሳኔ አለ!» ይላል ኢንጂነር ታደሰ። እሳቸው እስከ ወገባቸው ደርሰዋል። ቀሚሳቸው በዙሪያቸው እንደ ጃንጥላ ተነፍቶ ተንሳፈፈ።

«ሮማንዬ!» ብለው ተጣሩ፣ «ያ ቬትናም የምትሉት ባህር ከዚህ ይሞቃል?»

«በጣም እንጂ እትዬ!»

«እንግዲያው ባልሽ ስብሰባ ካለበት፣ ያ ወንበር ባዶውን አይሂድ። እኔ ፓስፖርት አለኝ።»

ሮማን ቀዘፋዋን አቁማ ወደ እኔ ዞረች። አሁን አትስቅም። ስትጠብቅ አየኋት። ስንት ሳምንት እንዲህ ስትጠብቀኝ እንደከረመች ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ከዚያ ሮጥኩ። ሱሪዬን አልሰበሰብኩም፣ ሸሚዜን አላወለቅሁም። ስልኬ፣ ከነሆቴሉ፣ ከነካርታው፣ ከነዚያ ሁሉ ሥራ ፈት አስተያየት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ከደረቴ በላይ ሲደርስ ትዝ አለኝ። ፊሽካው ከኋላዬ ይጮኻል። መዋኘት እንደማልችል ደግሞ እግሬ መሬቱን ሲያጣ ትዝ አለኝ። ሮማን ደርሳ በብብቴ ይዛ ቀና እስክታደርገኝ ድረስ አንድ ሙሉ ጉንጭ ጠጥቻለሁ።

«ትሄዳለህ?» አለችኝ እየሳቀች።

«እሄዳለሁ» አልኳት እያሳለኝ።

ያ የናቅሁት ሰውዬ ግን እውነቱን ነበር። ባህር ጨው ይበዛበታል።